ባዶ ቦታ ሳለ ቦታ ጠፋ፤ ስለ ትንንሽ የሊኑክስ ቦርዶች ማኅደረ ትውስታ

ኮምፒውተር ሲባል ለብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስክሪንና ኪቦርድ ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ ከሚሠሩት ኮምፒውተሮች የሚበዙት ስክሪንም ኪቦርድም የላቸውም፤ በመኪና ሞተር፣ በሆስፒታል መሣሪያ፣ በስልክ ማማ ውስጥ ተሸሽገው የተሰጣቸውን አንድ ሥራ ሌሊትና ቀን ይሠራሉ። ከነዚህም ብዙዎቹን የሚመራቸው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑክስ ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች ላስረዳ የምወደው እንዲህ ያሉት ትንንሽ ቦርዶች ስለሚገጥማቸው የማኅደረ ትውስታ ጥበት፣ ጥበቱንም ለማለፍ ስለሚደረገው ብልኀት ነው። አንዳንዱ ክፍል ቍጥር የበዛበት ስለ ሆነ አንባቢ በትዕግሥት እንዲከተለኝ እለምናለሁ።

ማኅደረ ትውስታ፣ በተለምዶ ራም የምንለው፣ ከሚሞሪ ካርድ ጋራ እንዳይምታታ ያስፈልጋል። ሚሞሪ ካርድ እንደ ጎተራ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የተቀመጠበት ነገር ይቈያል። ራም ግን ቡና እንደሚለቀምበት ሰፌድ ነው፤ እጅ የሚሠራው ከጎተራው ወጥቶ በሰፌዱ ላይ በተዘረጋው ብቻ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ገደማ ለሀገራችን ሕፃናት ተማሪዎች የታደለው «ኤክስ ኦ» የተባለው አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ የነበረው ራም 256 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ የሚሠራውም በሊኑክስ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. መሸጥ የጀመረው ራስበሪ ፓይ የተባለው የእንግሊዝ ቦርድም መጀመሪያ የወጣው በዚያው በ256 ሜጋባይት ነው። እኛ በትምህርት ቤታችን ክበብ የምንሠራበት ቦርድ 512 ሜጋባይት ስላለው ከነዚያ እጥፍ ነው፤ ሆኖም ዛሬ ብዙ ሰው በኪሱ ከሚይዘው ስልክ በብዙ እጅ ያንሳል።

ነገሩ እኛን እንዴት ይነካናል የሚል ቢኖር መልሱ ቡና ነው። በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባለው ሀገር እንደ በበቃ ያሉ ሰፋፊ እርሻዎች ቢኖሩም፣ አብዛኛው ቤተ ሰብ የሚኖረው በጓሮውና በጫካው ካለው ቡና ነው። ቀዩ እሸት ተለቅሞ በአልጋ ላይ ይሰጣል፤ ጀንፈል እስኪሆንም ድረስ ሁለትና ሦስት ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቈያል። ችግሩ አገራችን ደቡብ ምዕራቡ ዝናብ የማይጠግብ መሆኑ ነው፤ ሌላው ሀገር በጋ ነው ባለበት በጥቅምትና በኅዳር እንኳ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይወርዳል። ሊደርቅ የቀረበ ጀንፈል አንዴ ከረጠበ ይሻግታል፤ የሻገተም ቡና ሽታው ስለሚታወቅ ደረጃው ወርዶ በርካሽ ይሸጣል። «ታዲያ ላስቲክ ማልበስ ነዋ» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በለቀማ ወራት ቤተ ሰቡ በሙሉ ከአልጋው ርቆ ጫካ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አልብሶ መሄድ ደግሞ ቡናው በእርጥበቱ እንዲታፈን ያደርገዋል።

ስለዚህ ሦስት የክበቡ አባሎች ሆነን በአጎቴ አልጋዎች አጠገብ ምሰሶ ተክለን፣ በላዩ ካሜራ፣ ቦርድ፣ ዝናብ ጠቋሚ ሰሌዳና ትንሽ የፀሐይ ኀይል ማመንጫ አቆምን። ካሜራው በየ10 ደቂቃው ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ፕሮግራሙም በእያንዳንዱ አልጋ ላይ የሚታየው የቡናው ቡናማ ቀለም ወይስ የላስቲኩ ሰማያዊ መሆኑን ይለያል፤ ዝናብ ጀምሮ አልጋው ክፍት ከሆነ ለአጎቴ ስልክ መልእክት ይልካል። በአሳብ ደረጃ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። በሥራ ግን ማሽኑ ጧት ደኅና ሲሠራ ይውልና ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ሲሆን «ማኅደረ ትውስታ መመደብ አልተቻለም» የሚል ቃል በመዝገቡ ጽፎ ፎቶግራፍ ማንሣቱን ያቆማል። ይህ ደግሞ ዝናቡ የሚመጣበት ሰዓት ነው። አጎቴም «ልጄ፣ ይህ ሣጥናችሁ ጧት ጧት ጎበዝ ነው፤ ከምሳ በኋላ ግን እንደ ሽማግሌ ያንቀላፋል» ይል ነበር።

እንግዲህ ምርመራው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፎቶግራፉ በወርድ 3,280፣ በቁመት 2,464 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ 8,081,920 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ስለሚፈልግ አንዱ ፎቶግራፍ በራም ውስጥ ሲዘረጋ 24,245,760 ባይት፣ ይኸውም 24 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በካርድ ላይ ተጨምቆ ሲቀመጥ ትንሽ መሆኑ ማንንም እንዳያታልል፤ ሰፌዱ ላይ ሲወጣ መጠኑ ይህ ነው። ነገር ግን «ፍሪ» በተባለው ትእዛዝ ቦርዱን ስንጠይቀው፣ እንቢ ባለበት በዚያው ሰዓት ከ100 ሜጋባይት በላይ ባዶ ራም እንዳለው ይነግረናል። 100 ያለው 24 መስጠት ለምን ያቅተዋል?

ምሥጢሩ ባዶው ቦታ የተበታተነ መሆኑ ነው። ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ 12 ባዶ ወንበሮች እዚህም እዚያም አሉ እንበል። ስድስት ሰዎች ያሉበት ቤተ ሰብ መጥቶ «ጎን ለጎን ካልሆነ አንቀመጥም» ቢል፣ 12 ቦታ ባዶ ሳለ ረዳቱ «ቦታ የለም» ለማለት ይገደዳል። ሊኑክስ ራሙን የሚከፋፍለው ገጽ በሚባሉ ክፍሎች ነው፤ አንዱ ገጽ ብዙውን ጊዜ 4,096 ባይት ስለ ሆነ 512 ሜጋባይት ማለት 131,072 ገጾች ናቸው። ቦርዱ ጧት ሲነሣ ባዶዎቹ ገጾች በአብዛኛው የተያያዙ ናቸው፤ ፕሮግራሞች ሲገቡና ሲወጡ፣ ፋይሎች ሲነበቡ ከዋለ በኋላ ግን የሚቀረው ክፍተት ቁርጥራጭ ይሆናል። ማሽኑ ከምሳ በኋላ ያንቀላፋበት ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ችግር ሁሉንም ፕሮግራም እኩል አይጎዳም። ተራው ፕሮግራም የሚያየው እውነተኛውን የገጽ ቍጥር አይደለም፤ በመካከል የአድራሻ መዝገብ አለ፤ መዝገቡም የተበታተኑትን ገጾች ለፕሮግራሙ እንደ ተያያዙ አድርጎ ያሳየዋል። ካሜራው ግን፣ እንደኛ ባሉት ርካሽ ቦርዶች ላይ፣ ይህን መዝገብ አያነብም። በፕሮሰሰሩ በኩል ሳያልፍ ሥዕሉን በቀጥታ ወደ ራም ያፈሰዋል፤ «ከዚህ ጀምር፣ ይህን ያህል ጻፍ» ከሚል ትእዛዝ በቀር ሌላ አያውቅም። ስለዚህ 5,920 ገጾች አንድም ሳይጎድል ተከታትለው መገኘት አለባቸው።

ሊኑክስ ባዶ ገጾችን የሚያስተዳድረው የባልንጀራ ዘዴ በሚባለው ነው። ገጾቹ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያለ እስከ 1,024 ድረስ በእጥፍ እየተቧደኑ ይቀመጣሉ፤ ትንሽ የሚፈልግ ሲመጣ ትልቁ ቡድን ለሁለት ይከፈላል፤ ሲመለስም ባልንጀራው ባዶ ከሆነ ሁለቱ ተመልሰው አንድ ይሆናሉ። ይህን ዘዴ ኬነዝ ኖልተን በ1965 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አውጥቶታል፤ ከእርሱ በፊት በ1963 ያሰበው ደግሞ ሃሪ ማርኮዊትዝ ነው ይባላል፤ እርሱም ኋላ በ1990 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው መሆኑ እኔን በጣም አስደንቆኛል። በእኛ ቦርድ ላይ ትልቁ ቡድን 1,024 ገጽ፣ ማለት 4 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ባለ 24 ሜጋባይቱን ፎቶግራፍ በዚህ መንገድ መጠየቅ ራሙ ሙሉ በሙሉ ባዶ ቢሆን እንኳ የማይሆን ነገር ነው። ሁኔታውን በዐይን ለማየት የሚወድ «ፕሮክ» በተባለው ማውጫ ውስጥ «ባዲ ኢንፎ» የሚባለውን ፋይል ቢከፍት የየቡድኑን ቍጥር በረድፍ ያገኘዋል፤ ጧትና ከሰዓት በኋላ አነጻጽሮ ማየት ከማናቸውም መጽሐፍ ይልቅ ያስረዳል።

ለዚህ ነው በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው የሊኑክስ 3.5 እትም ውስጥ ከሳምሰንግ መሐንዲሶች ሥራ የተገኘ «ሲ ኤም ኤ» የሚባል ዘዴ የተጨመረው። ወደ አውቶቡሱ ምሳሌ እንመለስ። ረዳቱ ገና ከመነሻው የኋላውን ረጅም መቀመጫ ለቤተ ሰቡ ብሎ ይይዛል፤ ነገር ግን እስኪመጡ ድረስ ባዶ እንዳይሄድ ሌሎች ተሳፋሪዎችን ያስቀምጥበታል፤ ባለቤቶቹ ሲመጡ እንግዶቹን ወደ ሌላ ወንበር ያዛውራል። ብልኀቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም በመካከል እግሩ የታመመ፣ ልነሣ የማይችል ሰው ከተቀመጠ ነገሩ ይበላሻል። በራምም ውስጥ ለጊዜው ከቦታቸው ሊነሡ የማይችሉ ገጾች ይኖራሉ፤ አንድ እንዲህ ያለ ገጽ ብቻ መካከል ከገባ 5,920ው ገጽ አይሟላም። በእኛ ቦርድ የተያዘው ቦታ 64 ሜጋባይት ሲሆን ካሜራው ሁለት ፎቶግራፍ፣ ይኸውም 48 ሜጋባይት ያህል ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለመፈናፈኛ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

መላው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ከካሜራ ጋራ የሚታደሉት የምሳሌ ፕሮግራሞች እንደሚያደርጉት በየ10 ደቂቃው ካሜራውን ከፍቶ መዝጋትን መተው ነው። በተዘጋ ቍጥር ቦታው ለእንግዶች ይለቀቃል፤ በተከፈተ ቍጥር ደግሞ እንደ ሎተሪ ዕድል መሞከር ነው። ጧት ቦርዱ እንደ ተነሣ፣ ወንበሩ ባዶ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ጠይቆ እስከ ማታ አለመልቀቅ ይሻላል። ይህ ስስት ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሥራ ብቻ ባለው ማሽን ላይ ስስት አይደለም። ሁለተኛው ይልቁንም ይበልጣል፤ ላስቲክ መልበስ አለመልበሱን ለማወቅ 8 ሚሊዮን ነጥብ ማን ጠየቀን? ካሜራው በ1,640 በ1,232 ነጥብ እንዲያነሣ ሲታዘዝ አንዱ ሥዕል 6,061,440 ባይት ብቻ፣ ማለት ከቀድሞው አንድ አራተኛ ሆነ። በእኔ አስተያየት ስለ ማኅደረ ትውስታ ከሚነገረው ጥበብ ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ይህን ያህል ያስፈልገኛልን?» የሚለው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ወደዚህ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ካሜራው እስከ ማታ ይሠራ ጀመር። ነገር ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወርዶ መልእክት ሳይመጣ ቀረ፤ ሦስት አልጋ ጀንፈልም ራሰ። አጎቴ ምንም አልተናገረም፤ ዝም ብሎ ቡናውን እንደ ገና ማገላበጥ ጀመረ። መዝገቡን ስናየው ፎቶግራፉ በደንብ ተነሥቷል፤ ሥዕሉን የሚመረምረውን ፕሮግራም ግን ሊኑክስ ራሱ ገድሎታል።

ሊኑክስ ለምን ይገድላል? ይህን ለመረዳት የቡና ሰብሳቢን ጠባይ ማሰብ ይጠቅማል። መጋዘኑ 100 ኬሻ የሚይዝ ሰብሳቢ ለ15 ገበሬዎች «ለእያንዳንዳችሁ 10 ኬሻ ቦታ አለኝ» ብሎ ቃል ይሰጣል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ሞልተው እንደማይመጡ ያውቃልና። ሊኑክስም ፕሮግራም ራም ሲጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ «እሺ» ይላል፤ ገጹን በእውነት የሚሰጠው ፕሮግራሙ ሊጽፍበት ሲነካው ነው። ይህ ዘዴ በመደበኛው ቀን ብዙ ራም ያድናል። 15ቱም ገበሬዎች በአንድ ማለዳ የደረሱ እንደ ሆነ ግን ቃሉ ይፈርሳል፤ በዚያን ጊዜ «ኦ ኦ ኤም ኪለር» የሚባለው የከርነሉ ክፍል ተነሥቶ በአብዛኛው ከሁሉ ይበልጥ ራም የያዘውን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። በእኛም ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ የሥዕል መመርመሪያው ላይብረሪ እያንዳንዱን ባለ አንድ ባይት ቍጥር ወደ ባለ 8 ባይት አስርዮሻዊ ቍጥር ስለሚለውጠው ባለ 6 ሜጋባይቱ ሥዕል 48,491,520 ባይት ይሆናል፤ በስሌቱ መካከል ሦስት ቅጂ ሲኖር ከ145 ሜጋባይት ያልፋል።

ለዚህ የተገኘው መላ ከቡና ለቃሚ ሴቶች ሥራ ጋራ አንድ ነው። ቡና የሚለቅም ሰው ኬሻውን በሙሉ ሰፌድ ላይ አይገለብጥም፤ እፍኝ እፍኝ እያወጣ መልካሙን ከመጥፎው ይለያል። ሥዕሉም በ16 መስመር እየተቈረጠ ቢመረመር 1,232ቱ መስመር በትክክል 77 ቁራጭ ይሆናል፤ አንዱ ቁራጭ 78,720 ባይት ነው፤ በባለ 8 ባይቱ አስርዮሽ እንኳ ቢለወጥ 629,760 ባይት አያልፍም። ለቀለም አማካይ ደግሞ አስርዮሽ አያስፈልግም፤ ድምሩን በሙሉ ቍጥር እየያዙ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ማካፈል ይበቃል። ቁራጩ የሚቀመጥበትም ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ 77ቱም ተራ በተራ በዚያው ላይ ይጻፋሉ። ከ145 ሚሊዮን ባይት ወደ 78 ሺህ የወረደው አንድ ብር ሳይወጣበት መሆኑን ወላጆች ልብ እንዲሉልኝ እወዳለሁ።

የቀሩትን መላዎች ባጭሩ አልፋቸዋለሁ። ስክሪን የሌለው ቦርድ የሥዕላዊ ገጽታ ፕሮግራሞችን መሸከም የለበትምና አጠፋናቸው። ሚሞሪ ካርዱን እንደ ተጨማሪ ራም ማሠራትም ይቻላል፤ ነገር ግን እጅግ ይዘገያል፤ ካርዱም በተደጋጋሚ ሲጻፍበት ቶሎ ይሞታል። ከዚያ የሚሻለው በ2014 እ.ኤ.አ. በሊኑክስ 3.14 እትም ከሙከራ ወጥቶ ወደ ዋናው ክፍል የገባው «ዜድ ራም» ነው፤ እርሱም ሥራ የፈቱትን ገጾች እዚያው ራም ውስጥ ጨምቆ ያስቀምጣቸዋል። ጽሑፍ በጣም ይጨመቃል፤ ቀድሞ የተጨመቀ ፎቶግራፍ ግን ከዚያ ወዲያ አይጨመቅም፤ ስለዚህ ዜድ ራም ተአምር ይሠራል ብሎ ማሰብ አይገባም። እንዲሁም መልእክት ላኪውን ፕሮግራም ኦ ኦ ኤም ኪለር እንዳይነካው ነጥቡን ወደ 1,000 ሲቀነስ አወረድነው። ለሥዕል መርማሪው ደግሞ የራም ጣራ አበጀንለት፤ ጣራውን ቢያልፍ እርሱ ብቻ ሞቶ ወዲያው እንደ ገና ይነሣል።

ይህ የመጨረሻው አሳብ አዲስ አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ሲወርድ በመንኮራኩሩ ውስጥ የነበረው ኮምፒውተር ሊጻፍበት የሚችል ማኅደረ ትውስታው 2,048 ቃላት ብቻ ነበር። ሊያርፉ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሯቸው «1202» የሚል ማስጠንቀቂያ ታየ፤ ትርጕሙም ለአዲስ ሥራ የሚመደብ ቦታ አለቀ ማለት ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ቀድሞ እንደ ተሠራለት ዕቅድ የማያስቸኩሉትን ሥራዎች ጥሎ፣ ማረፊያውን የሚመሩትን ብቻ ይዞ እንደ ገና ተነሣ፤ ሰዎቹም በደኅና አረፉ።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር ልጨምር። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሲገባ በተሰጠው ቦታ ምክንያት፣ ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ ፊደል ግን 1 ባይት ነው። «ዝናብ» 9 ባይት ይፈልጋል ማለት ነው። ለቦርዱ ይህ ከቍጥር የሚገባ አይደለም፤ የስልክ መልእክት ግን በላቲን 160 ፊደል ሲፈቅድ በአማርኛ የሚፈቅደው 70 ብቻ ስለ ሆነ «አልጋ 3 ክፍት ነው፤ ዝናብ ጀምሯል» ከሚለው ብዙ የረዘመ ነገር አልጻፍንም። አጎቴም ከዚህ የሚበልጥ አልፈለገም።

ቦርዱ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ድረስ በማኅደረ ትውስታ ምክንያት ሳይቆም ሠርቷል። አሁን አጎቴ ከቁልቁለቱ በታች ላሉት አራት አልጋዎችም እንድናደርግለት ይጠይቃል። ቦርዱ ለእንዲህ ያለው ካሜራ መሰኪያ ያለው አንድ ብቻ ስለ ሆነ ሁለተኛው በዩ ኤስ ቢ የሚሰካ መሆን አለበት። እርሱ በ640 በ480 ነጥብ፣ በነጥብ 2 ባይት ሲያነሣ አንዱ ሥዕል 614,400 ባይት ነው፤ አራት ሥዕል በአንድነት ቢያዝ እንኳ ሁለት ሜጋባይት ተኩል አይሞላም። ምሰሶውን አጎቴ ቈርጦ በአልጋዎቹ አጠገብ አጋድሞታል፤ የቀረው የዩ ኤስ ቢው ገመድ እስከ ታች ይደርስ እንደ ሆነ መለካት ነው።